መፈክሩ ወደ እኔ ሲዞር

ይህን የምጽፈው ግቢያቸው ውስጥ ሰልፍ ለማዘጋጀት እየተሰናዱ ላሉ ተማሪዎች ነው። ተማሪ ሰልፍ መውጣት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። እኔ ወጥቻለሁ፣ ነገም የሚያስወጣ ነገር ከመጣ እወጣለሁ። የምነግራችሁ ሌላ ነገር ነው። ለራሴ ጥያቄ እየጮህኩ ሰልፉ መሃል ቆሜ ሳለ የሚሰደበው የእኔ ወገን መሆኑን ስሰማ ምን እንደሆንኩ፣ ከዚያም ሰልፉ ሳይበተን እንዴት እንዳቃናነው። የእኔ ዓይነቱ ቀን ማንም ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው በክፍያ ነው። ዩኒቨርሲቲው ዓመቱ ሲጋመስ የዶርም ክፍያ ጨመረ። እዚያው ደብዳቤ ግርጌ ላይ፣ አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው ድጎማ መቀነሱን የምትናገር አንዲት መስመር ነበረች። ማንም አላማከረንም። የተማሪዎች ህብረቱ ራሱ እንደኛው ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ነው ያነበበው። ለአንዳንዱ ተማሪ ጭማሪው ቢመርም ይዋጣል። ለሌላው ግን ሻንጣ ሸክፎ ወደ ቤት መመለስ ማለት ነበር። እኔም ድጎማው ከተቀነሰባቸው ተማሪዎች መካከል ነኝ። ብዙም ሳይቆይ ከየዲፓርትመንቱ የተውጣጣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ገባሁበት።

መጀመሪያ ላይ የሠራናቸው ነገሮች ጥሩ ስለነበሩ ሳልጠቅሳቸው አላልፍም። ጥያቄያችንን በአንድ ገጽ ጻፍነው። ጭማሪው ይቁም፣ ድጎማው ይመለስ፣ ወደፊት ክፍያ ሲነካ ተማሪ ይጠየቅ። ቀጥለን ይህን መመለስ የሚችለው ማነው ብለን ተጠያየቅን። ክፍያ የሚያጸድቀው ቦርዱ ነው። የተማሪ ዲኑ አይደለም፣ ሬጅስትራር መስኮት ላይ የተቀመጠችው ሠራተኛ አይደለችም፣ የበር ጥበቃውም አይደለም። ይህቺ ጥያቄ ስትጠየቅ ቀላል ትመስላለች፣ ኋላ ላይ ግን ስንት ጊዜ ወደ እሷ እንደተመለስን እኔ ነኝ የማውቀው።

የተማሪዎች መመሪያውንም ቁጭ ብለን አነበብነው። አብዛኛው ሰው ይህን አያደርግም፣ እናንተ ግን እባካችሁ አድርጉት። ሜጋፎን በስንት ሰዓት ይፈቀዳል? ፈተና የሚሰጥባቸው ህንጻዎች አካባቢ ምን ይከለከላል? ፖስተር የት ይለጠፋል? ይህን የማያውቅ ኮሚቴ ጥያቄው ሳይሰማ በጥቃቅን ጥፋት ይከሰሳል። የተማሪ ጉዳዮች ቢሮ "መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ" ሲለን፣ ከመካከላችን አንዱ የሕግ ተማሪ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣውን አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 37 አትሞ ይዞ መጣ። እዚያ ላይ ሰላማዊ ስብሰባ መሠረታዊ መብት ስለሆነ ፈቃድ እንዲለመንበት ማድረግ ከመብቱ ሐሳብ ጋር እንደሚጋጭ ተጽፏል። ለጥበቃና ለትራፊክ እንዲያመች ቀድሞ ማሳወቅ ግን ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የማሳወቂያ ደብዳቤ አስገባን። ቀን፣ ሰዓት፣ የምንሄድበት መንገድ፣ የሚገኙ አስተባባሪዎች። ተቀበሉን።

የመጀመሪያው ሰልፍ ደስ ይል ነበር። ከጠበቅነው በላይ ሰው ወጣ። አንዳንድ መምህራን ከቢሯቸው ወርደው ዳር ዳሩን አብረውን ተራመዱ። መፈክሩ ሁሉ ስለ ክፍያው ነው። ማንም ማንንም ከየት ነህ አላለም።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። አስተዳደሩ መልስ አልሰጠም፣ ለስብሰባም አልጠራንም። እንዲህ ያለ ዝምታ ሰውን ምን ያህል እንደሚያበሽቅ ያየሁት ያኔ ነው። የቴሌግራም ግሩፓችን ማታ ማታ መጋል ጀመረ። መጀመሪያ ስለ ውሳኔው ነበር የሚወራው። ቀጥሎ ደብዳቤው ላይ ስለፈረመው ኃላፊ ሆነ። ቀጥሎ ሰውዬው ከየትኛው ወገን እንደሆነ። አንዱ "ድሮስ እነሱ!" ብሎ ጻፈ፣ የሳቅ ምልክት ተደረደረበት። እኔን ከዚያ ኃላፊ ጋር የሚያገናኘኝ የተወለድኩበት ወገን ብቻ ነው። በአካል እንኳ አይቼው አላውቅም።

የትኛው ወገን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ብሔር ይሁን ሃይማኖት፣ ቋንቋ ይሁን የውጭ አገር ዜግነት፣ አካሄዱ ያው ነው። ከውሳኔው ወደ ሰውዬው፣ ከሰውዬው ወደ ወገኑ፣ ከወገኑ አጠገብህ ወዳለው ተማሪ። አድሚን ከሆናችሁ ሁለተኛው እርከን ላይ ስትደርሱ ንቁ። መፈክር ሰልፍ ላይ አይበላሽም፣ ግሩፕ ውስጥ ተበላሽቶ ነው ሰልፍ ላይ የሚደርሰው። ያን ማታ አንድ አድሚን "ወደ ክፍያው እንመለስ፣ ይህን አጠፋዋለሁ" ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ብዙ ነገር ይተርፍ ነበር። ማንም አልጻፈም። ሁሉም ሌላው ሰው ይናገር ብሎ ጠበቀ።

ሁለተኛው ሰልፍ ላይ ሰው ከመጀመሪያው ይበልጣል፣ ንዴቱም እንደዚያው። "ጭማሪው ይቁም!" እያልን ወደ አስተዳደር ህንጻው ተጠጋን። ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ የወገኔን ስም ጠርቶ "ይውጡልን!" አለ። ሜጋፎን የያዘው ልጅ ምቱ ስለገጠመለት ሳያስብ ተቀበለው። በቃ፣ በሜጋፎን ከወጣ በኋላ የሁሉም ሆነ።

አጠገቤ የነበረው ጠዋት አብሬው ካርቶን ስቆርጥ የነበረ ልጅ ነው። የማርከሩ ቀለም ከጣቱ ገና አልለቀቀም። ዞር ብሎ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ድምፁን ቀነሰ፣ ግን አላቆመም። ከንፈሩ ከሰዉ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። ከስድቡ ይልቅ እስከዛሬ የሚያመኝ ያ ነው። ከኋላ የጮኸውን ሰው አላውቀውም። ይህኛውን ግን አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል፣ እያወቀኝ ነው የቀጠለው።

የዚያኑ ቀን ሌላም ነገር ሆነ። ሰዉ ሲበዛ የአስተዳደር ህንጻው ጎን ያለውን ራምፕ ሞላው። እዚያ ህንጻ ውስጥ የድጋሚ ፈተና የሚወስዱ ተማሪዎች ነበሩ። በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ተማሪ ወደ ራምፑ ስትጠጋ ሰልፈኛው ልትቀላቀለን የመጣች መሰለውና አጨበጨበላት። "ጎበዝ! ጎበዝ!" ይሏታል። እሷ እጇን እያወዛወዘች አንድ ነገር ትናገራለች፣ አይሰማም። ጠጋ ብዬ ጆሮዬን ሰጠኋት። "ፈተና አለብኝ፣ አሳልፉኝ" ነው የምትለው። ሰዉን ገፍተን እስክናሳልፋት ብዙ ደቂቃ ወሰደ። ስንገባ ላብ አጥምቋታል፣ አታወራኝም። ክፍያው እሷም ላይ ተጨምሯል እኮ። ጥያቄው የእሷም ነበር።

ማታ ግሩፑን ከፈትኩ። "ከግሩፑ ወጥቷል"፣ "ከግሩፑ ወጥታለች" የሚሉ መስመሮች ተደርድረዋል። ስሞቹን አየሁ። አብዛኞቹ የእኔው ወገን ልጆች ናቸው። አንዱ በውስጥ መስመር "አንቺስ እስከ መቼ ነው የምትቆዪው?" ብሎ ጻፈልኝ። መልስ አልነበረኝም።

በነጋታው አስተዳደሩ ዝምታውን ሰበረ። መግለጫ አወጣ። መግለጫው ስለ ክፍያው አንዲት ቃል የለበትም። ሙሉ በሙሉ ስለ ጥላቻ ንግግርና ግቢው የሁሉም ስለመሆኑ ነው። ያ መፈክር የሰጣቸውን ነገር አያችሁ? ቀኑን ሙሉ ስለ ዶርም የጮህነው ጠፋ፣ የጥቂት ደቂቃ ጩኸት ብቻ በቪዲዮ ዞረ።

እኔን የሚመለከተው ከባዱ ጊዜ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ለአንድ የኮሚቴ አባል የሆነውን ስነግረው "ገብቶኛል፣ ግን አሁን ጊዜው አይደለም፣ ትግሉን አንከፋፍል" አለኝ። ክፋት የለውም ልጁ። ያመነበትን ነው የተናገረው። ግን አስቡት፣ ትግሉን የከፈለው መፈክሩ ነው ወይስ መፈክሩ አሞኛል ያለችው? እንዲህ ስትባሉ እንዳትደነግጡ። በየትኛውም እንቅስቃሴ ውስጥ የሚባል ነገር ነው። ትክክለኛው ጊዜ የሚባለው ራሱ አይመጣም፣ ስለዚህ አትጠብቁት።

ለመውጣት አስቤ ነበር። ብወጣም መብቴ ነበር፣ የወጡትንም አልወቅስም። የተበደለ ሰው ቆሞ በዳዩን የማስተማር ግዴታ የለበትም። እኔ የቀረሁት ድጎማው የእኔም ጥያቄ ስለሆነ ነው። ከወጣሁ ጥያቄዬንም ጥዬላቸው ነው የምወጣው። ለዚህ ነው ስብሰባ ላይ ለመናገር የወሰንኩት።

እንዴት እንደተናገርኩ ልንገራችሁ፣ ለሌላም ሊጠቅም ይችላል። መጀመሪያ ብቻዬን አልገባሁም። ከስብሰባው በፊት ከማምናት አንዲት አባል ጋር ተነጋግሬ "እኔ ስጨርስ ዝም እንዳይባል አንቺ ቀጥይ" አልኳት። ስብሰባው ላይ "ዘረኞች ናችሁ" አላልኩም። የተባለውን ቃል በቃል ደገምኩት። መፈክሩን በተረጋጋ ድምፅ፣ ያለ ከበሮ፣ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር አነበብኩላቸው። በሰልፍ መሃል ግለት ያለው ነገር ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ሲነበብ እንዴት እንደሚቀፍ ሁሉም ሰማው። ከዚያ "እዚህ ከተቀመጥነው ውስጥ ይህን መፈክር መጮህ የማልችለው እኔ ነኝ። ጥያቄው ግን የእኔም ነው። የቱን ነው የምንመርጠው?" አልኩ። በመጨረሻ የምፈልገውን ለይቼ ተናገርኩ። በኮሚቴው ስም ግልጽ ይቅርታ፣ ለቀጣዩ ሰልፍ የመፈክር ዝርዝር፣ መግቢያዎችን የሚጠብቁ ሰዎች። "አስተካክሉ" ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ቅሬታችሁን ተቀብሎ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ስብሰባ በሐዘኔታ ያልፋችኋል።

ጠንካራ ክርክር ተነሳ። አንዷ አባል ያለችውን አልረሳውም። "አክብሮት የሚሉን ሁልጊዜ ዝም እንድንል ሲፈልጉ ነው። ዛሬ መፈክር አጣርተን ነገ ድምፃችንን እንቀንሳለን፣ ከነገ ወዲያ ወረቀት በፖስታ እንልካለን።" ልክ ነበረች፣ በግማሽ። ሥልጣን ያለው ሰው "በአክብሮት ተናገሩ" ሲል ብዙ ጊዜ "አትናገሩ" ማለቱ ነው። እኛም ላይ ደርሷል። የዩኒቨርሲቲውን የግብዣና የጉዞ ወጪ ከተቀነሰው ድጎማ ጋር ያነጻጸረ ፖስተር ለጥፈን "ኃላፊዎችን ያሸማቅቃል፣ አንሱት" ተብለናል። አላነሳነውም። ቁጥሩ ከራሳቸው ሪፖርት የተወሰደ ነው፣ የሚተቸውም ውሳኔ ነው።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚምታታበት። ትችት የደረሰበት ኃላፊ ቅር ይለዋል፣ ይበለው። ቅር መሰኘት ጉዳት አይደለም። ሰው በሠራው ሥራ ሲጠየቅና በተወለደበት ነገር ከግቢ ውጣ ሲባል የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ያንኑ ልዩነት ከሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አሳየን። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀ ነው። አንቀጽ 19 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን ይሰጣል፣ አንቀጽ 21 በሰላም የመሰብሰብ መብትን። በመካከላቸው ያለው አንቀጽ 20 ደግሞ መድልዎን፣ ጠላትነትን ወይም ጥቃትን የሚቀሰቅስ የብሔር፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ጥላቻ በሕግ እንዲከለከል ያዛል። ሦስቱም አንድ ሰነድ ውስጥ ናቸው። ያነበብንላት አባል ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ ደግማ አነበበችውና "እሺ፣ ድምፁን ካልቀነስን እስማማለሁ" አለች። ድምፁን አልቀነስንም።

ሐሳቡን ወደ ሥራ የቀየረልን ግን አንድ የታሪክ መምህራችን ያመጡልን ወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ተማሪዎች ነጮች ብቻ በሚስተናገዱባቸው የምሳ ባንኮኒዎች ላይ እየተቀመጡ ተቃውሞ ያሰሙ ነበር። የካቲት 1 ቀን በእነሱ አቆጣጠር ግሪንስቦሮ ከተማ ላይ አራት ተማሪዎች ጀመሩት፣ ብዙም ሳይቆይ ናሽቪል የምትባል ሌላ ከተማ ውስጥ ተቀጣጠለ። የናሽቪሎቹ ከመውጣታቸው በፊት የሰላማዊ ትግል አሠልጣኝ በነበረው በጄምስ ላውሰን አማካይነት ይሠለጥኑ ነበር። እርስ በርስ እየተሳደቡና እየተገፋፉ፣ ሲሰደቡ እንዴት እንደሚቀመጡ ይለማመዳሉ። ጆን ሉዊስና በርናርድ ላፋየት፣ ሁለቱም ተማሪዎች፣ ለተቀማጮቹ የሥነ ምግባር ደንብ ጻፉ። ብትመታ አትመልስ፣ ብትሰደብ አትሳደብ፣ ቀጥ ብለህ ፊትህን ወደ ባንኮኒው አድርገህ ተቀመጥ፣ ሁልጊዜ ትሁት ሁን። ከመካከሉ አንዱ የሱቁን መግቢያና የውስጡን መተላለፊያ አትዝጉ ይላል።

ይህን ሳነብ ራምፑ ነው የመጣብኝ። እነዚህ ልጆች እየተደበደቡ ነው፣ ሲጋራ ጀርባቸው ላይ እየተተረኮሰባቸው ነው፣ እየታሰሩ ነው። እንዲያም ሆኖ በር እንዳይዘጋ አስበው ጽፈዋል። ፈርተው እንዳይመስላችሁ። የሚታገሉትን ነገር ለይተው ስላወቁ ነው። ግንቦት 1960 ላይ የናሽቪል ባንኮኒዎች ለጥቁሮች መከፈት ጀመሩ። መምህሩ ወረቀቱን ሰጥተውን ሲወጡ "እነሱ ከመውጣታቸው በፊት ነው የተዘጋጁት፣ እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው። አሁንም አልረፈደም" አሉን።

እኛም የራሳችንን ጻፍን። ለመፈክር አንዲት መለኪያ አስቀመጥን። አጠገቤ ያለው ሰው፣ ከየትም ይምጣ፣ ይህን አብሮኝ መጮህ ይችላል ወይ? ካልቻለ አይገባም። ይህቺ መለኪያ የኃላፊውን ስም አታስቀርም። "አቶ እገሌ ፊርማዎን ያንሱ!" የሚለው አለፈ፣ ምክንያቱም ሁላችንም መጮህ እንችላለን። የወገን ስም ያለበት ሁሉ ወደቀ። በሰው መልክ፣ በአነጋገር ዘዬ፣ በአካል ጉዳት የሚቀልድም ወደቀ። የሚገርመው የተረፉት መፈክሮች የበለጠ የሚያሙ ነበሩ። ቦርዱን በቀጥታ የሚጠይቁ ናቸው፣ ማምለጫ የላቸውም።

ግን በዝርዝር ብቻ አይሆንም። ሰልፍ ላይ ከዝርዝሩ ውጭ የሚጮህ አይጠፋም። የሠራልን ዘዴ ይሄ ነው። መጥፎ መፈክር ሲነሳ በሜጋፎን "ተው!" አይባልም፣ ከተባለ ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ መጨቃጨቅ ይጀምራል። ሜጋፎን የያዘው ሰው ወዲያው ሁሉም የሚያውቀውን መፈክር ይጀምራል፣ ከበሮ የሚመታውም ምቱን ይቀይራል። አሮጌው ምት ሲሰበር መጥፎው መፈክር የሚቆምበት ያጣል። በዚያው ሁለት አስተባባሪዎች ወደ ጮኸው ሰው ሄደው በጆሮው ያወሩታል። ሁለት መሆናቸው ግድ ነው፣ አንድ ከሆነ ጠብ ይሆናል። ሦስተኛው ሰልፍ ላይ አንድ ጊዜ ተነስቶ ሦስተኛ ዙር ሳይደርስ ጠፋ። አብዛኛው ሰልፈኛ መነሳቱንም አላወቀም።

ሜጋፎን ለማን እንደሚሰጥ አስቡበት። ድምፁ የሚያምር ሰው ሁሉ አይያዘው። ሰው የነገረውን ሁሉ የማይደግም፣ አንድ ሰከንድ ቆም ብሎ የሚያስብ ሰው ይያዘው። የመጀመሪያው ልጅ መጥፎ ሰው አልነበረም፣ ምት ሲገጥምለት አፉ ይቀድመዋል። ራሱ "ለሌላ ስጡልኝ" ብሎ ከበሮውን ወሰደ፣ ከበሮ ላይ ደግሞ የሚደርስበት የለም።

መንገዱን ከሰልፉ በፊት ሄዳችሁ እዩት። እኛ ያችኑ በዊልቸር የምትሄደውን ተማሪ እንድታግዘን ጠየቅናት። መጀመሪያ እንቢ አለች፣ አልፈረድኩባትም። ኋላ ግን መጣችና ከእኛ ጋር መንገዱን ሁሉ ዞረችው። እኛ ደረጃ የማናይበት ቦታ ላይ ደረጃ አሳየችን። ከበሮው የት ቢቆም መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች የምልክት አስተርጓሚዋን ማየት እንደሚችሉ ያሳሰበችንም እሷ ናት። ድምፅና ግርግር ለሚከብዳቸው ልጆች ከሰልፉ ጎን ጸጥ ያለ ቦታ መደብን፣ ካርቶናቸውን ይዘው እዚያ ይቀመጣሉ። ራምፑ ላይ፣ የላይብረሪው በር ላይና የክሊኒኩ በር ላይ አስተባባሪ ቆመ። ሥራቸው መንገድ ክፍት ማድረግ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ይሁን። ሰልፍ ማንንም ሳያስቸግር አያልፍም። መንገድ ይጨናነቃል፣ ሰው ዞሮ ይሄዳል። ያው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 37 ራሱ የሰውና የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ መስተጓጎሉ ብቻውን ሰልፍን ሁከት አያሰኘውም ይላል። አንድ መምህር "ከቢሮዬ ለመውጣት አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ" ብለው ሲያማርሩ በትህትና አዳምጠናቸው ሰልፉን ቀጠልን። ፈተና የሚያስቀርና አምስት ደቂቃ የሚያስጠብቅ እኩል አይደሉም። ይህን መለየት ያቃተው ኮሚቴ ወይ ሁሉን ይረግጣል ወይ ሁሉን ፈርቶ ቤቱ ይቀመጣል።

ስለ ግድግዳም ልናገር። ከሁለተኛው ሰልፍ በኋላ አንዳንድ ልጆች የአስተዳደር ህንጻው ላይ በቀለም ጽፈው ነበር። በማግስቱ ጠዋት በዚያ ሳልፍ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ተንበርክከው በብረት ብሩሽ ሲፍቁት አየሁ። "ማዘር፣ ላግዝዎት?" አልኳቸው። ቀና ሳይሉ "ከሰባት ሰዓት በፊት ካላለቀ በእኔ ላይ ነው የሚመጣው" አሉኝ። ሁለታችንም ፈቅን። ጥያቄያችን ቦርዱን ነበር፣ ዕዳው ግን የወደቀው ግቢው ውስጥ ትንሹ ደሞዝ ያላት ሴት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ያስተላለፍነው መልእክት በጨርቅና በካርቶን ሆነ፣ ከሰልፉ በኋላም አካባቢውን የምናጸዳው ራሳችን ሆንን።

ያልወጡትን አታስጨንቁ። ይህን ጠበቅ አድርጌ እናገራለሁ። በተማሪ ቪዛ ያለ የውጭ ተማሪ ቢታሰር አገሩ ሊመለስ ይችላል። ስፖንሰሩ የሚከታተለው አለ። ቤተሰቡ የሚፈራለት አለ። "ያልወጣ ከሃዲ ነው" የሚለው አነጋገር ግሩፓችን ላይ በተደጋጋሚ ይታይ ነበር፣ ከልክለነዋል። ፎቶና ቪዲዮም ላይ ደንብ አወጣን። ከጀርባ ወይም ከሩቅ እንጂ ፊት ለፊት ሳይጠይቁ ማንሳት አይቻልም። ውሃ በማቀበል፣ ካርቶን በመቁረጥ፣ ሰነድ በማንበብ የረዱን ብዙ ናቸው፣ አንዳቸውም ቪዲዮ ላይ የሉም።

ጭማሪውን የሚደግፉ ተማሪዎችም ወጡብን። ዶርሞቹ እንዲታደሱ ይፈልጋሉ፣ ክፍያ ካልጨመረ አይታደስም ይላሉ። ሰዎቹ ጥቂት ናቸው፣ ግን እንደኛው መብት አላቸው። በመካከላችን አስተባባሪዎች ቆሙ። ማታ ከእኛ ሰልፈኞች አንዱ ፖስተራቸውን ቀደደ። ኮሚቴው በማግስቱ ፖስተራቸውን በራሱ ወጪ አሳትሞ በነበረበት ቦታ መልሶ ለጠፈው። አንዳንዱ "ይሄማ በዛ" አለ። እኔ አልበዛም ባይ ነኝ። የእኛ ፖስተር ይነሳ ሲባል አናነሳም ያልን ሰዎች የሌላውን ቀደን መኖር አንችልም።

ይቅርታውን ከሁሉም በፊት ነበር ያወጣነው፣ ግን መጨረሻ ላይ የማነሳው ብዙ ኮሚቴ የሚያበላሸው እሱን ስለሆነ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ "ቅር የተሰኘ ካለ" ይል ነበር። ሰረዝኩት። "ካለ" አይባልም፣ አለ፣ ከእነሱም አንዷ እዚህ ተቀምጣለች። የወጣው ጽሑፍ አጭር ነው። ሰልፋችን ላይ ምን እንደተባለ፣ በሜጋፎናችን መባሉን፣ ማንን እንዳቆሰለ፣ ከእንግዲህ ምን እንደምናደርግ። ስለ አስተዳደሩ ጥፋት እዚያ ውስጥ አልጨመርንም፣ ለሱ ሌላ ወረቀት አለ። ይቅርታ ውስጥ "ግን" ከገባ ሰው የሚያነበው ከ"ግን" በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ያ ልጅም መጣ፣ ያ አጠገቤ የነበረው። ላይብረሪ በር ላይ ጠብቆኝ "ሳይሽ ማቆም ነበረብኝ። ሰዉ ሲያየኝ ፈራሁ" አለኝ። እሺ አልኩት። ወዲያው እንደ ድሮው አልሆንንም። እንድትሆኑም አትገደዱ። "ይቅርታ ተጠይቋል፣ በቃ ተቃቀፉ" የሚሉ ሰዎች ይመጣሉ፣ ጊዜያችሁን ውሰዱ። እሱ ግን ሦስተኛው ሰልፍ ላይ ራምፑ ላይ ለመቆም ራሱን አቀረበ፣ እስከ መጨረሻው ከዚያ አልተነቃነቀም።

ከሦስተኛው ሰልፍ በኋላ ቦርዱ ተወካዮቻችንን ጠራ። ጭማሪው አልተሰረዘም። ዓመቱ እስኪያልቅ ተራዘመ፣ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የክፍያ ጉዳይ ሲነሳ የተማሪ ተወካይ እንዲቀመጥ ተስማሙ። ድጎማው ተመለሰ። ከግሩፑ ወጥተው የነበሩ አንዳንድ ልጆች ተመለሱ፣ ብዙዎቹ አልተመለሱም። ድጎማው ግን ለእነሱም ተከፈላቸው፣ ጭማሪውን ደግፈው ለወጡትም እንዲሁ። ወረቀታችን ላይ ከመጀመሪያው "አቅም ለሌለው ለማንኛውም ተማሪ" ብለን ጽፈን ነበር።